ዘጠኝ ወር ስሜን የጠራኝ የለም፤ እግዚአብሔርስ?

ባሕረኛው_ከሆጤ (ደሴ) · ማክሰኞ ማታ 3:15

ሰላም ወገን። ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት።

እኔ የመርከብ ሰው ነኝ። ሜካኒካል ተምሬ፣ ባቦጋያ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ሠልጥኜ፣ ባሕር ላይ ከወጣሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ። አሁን ፎርዝ ኢንጂነር ነኝ። ሞተር ክፍል ካሉት መሐንዲሶች ትንሹ ማለት ነው። ነዳጅ ማጣሪያው፣ ኮምፕረሰሩ፣ ፓምፑ የእኔ ነው። ኮንትራቴን ጨርሼ እናቴ ቤት ነኝ። ፀሐይ ልሞቅ ብዬ ብመጣ ጦሳ ተራራ ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ጭጋጉን አላወልቅ ብሎኛል።

ወደ ጉዳዬ። መርከብ ላይ ማንም በስምህ አይጠራህም። ካፒቴኑ "ካፕ" ነው። ዋናው መሐንዲስ "ቺፍ"፣ ከዚያ "ሰከንድ"፣ "ሰርድ"፣ እኔ "ፎርዝ"። አራተኛው። ቁርስ ላይ ፎርዝ፣ ሌሊት አላርም ሲጮህ ፎርዝ፣ ልደትህ ቀን ኬክ ተቆርጦ እንኳ "ሃፒ በርዝዴይ ፎርዝ"። ሃያ ሁለት ነን፤ ፊሊፒኖ ይበዛል፣ ህንዶች አሉ፣ ዩክሬኖች አሉ፣ ሐበሻ እኔ ብቻ። የወረድኩ ዕለት የሚተካኝ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ደረጃው ላይ ተላለፍን። ከላይ አንዱ "ፎርዝ!" ብሎ ተጣራ። ሁለታችንም ዞርን። የፈለገው እሱን ነበር።

ዓለምን አይቻለሁ ብል ውሸት አይሆንብኝም። ስዊዝን፣ 193 ኪሎ ሜትሩን፣ ግራና ቀኝ አሸዋ እያየሁ አልፌዋለሁ። ፓናማ ላይ ያ ሁሉ ብረት እንደ ሊፍት ወደ ላይ ተነስቶ ከባሕር 26 ሜትር ከፍ ያለ ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ አይቻለሁ። ሲንጋፖር ደግሞ ማታ መልህቅ ጥለው የቆሙት መርከቦች መብራት ራሱን የቻለ ከተማ ይመስላል። እያንዳንዱ መብራት ሥር ሃያ ምናምን ሰው አለ፣ እያንዳንዱ መርከብ ውስጥ ደግሞ አንድ ፎርዝ አለ። ይሄን ሳስበው ያዞረኛል። መጀመሪያ የጠየቅሁትም እዚያ ቆሜ ነው። ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ መሃል የቱ እንደሆንኩ ታውቃለህ?

ሪዮ ስንገባ ያ ትልቁ የክርስቶስ ሐውልት ታየን። በፈረንጅ ከ1931 ጀምሮ ተራራው ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ቁመቱ 30 ሜትር፣ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ 28 ሜትር። ከባሕር ሲታይ ግን የክብሪት እንጨት ቢያክል ነው። ሁሉም ስልኩን አወጣ፣ እኔም አነሳሁ። ወዲያው ቺፍ "ፎርዝ፣ ታች!" አለኝና ወረድኩ። ታች 43 ዲግሪ ነው። ዓለሙን ያቀፈው ክርስቶስ ከላይ፣ እኔ ከውሃው በታች ዘይት በዘይት። ተስፋ መቁረጥ አይደለም፣ ብቻ ትንሽ ከፋኝ።

ይህን ያጻፈኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሰሜን አውሮፓ አንድ ወደብ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ አንዲት አሮጊት በሚያዳልጠው ደረጃ ወደ መርከቡ ወጡ። መርከበኛ የሚጎበኙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በየወደቡ አሉ። የካቶሊኮቹ ስቴላ ማሪስ በ1920 ግላስጎው ላይ ነው የተጀመረው፣ የአንግሊካኖቹ ከዚያም ይቀድማል። በነጻ ነው የሚያገለግሉት፤ ሲም ካርድ ያመጡልሃል፣ በመኪናቸው ሱቅ ያደርሱሃል። እኚህ አሮጊት በእጅ የተሠራ የሱፍ ኮፍያ በፌስታል ሞልተው ነው የመጡት። አንድ ሰጡኝና "ስምህ ማነው?" አሉኝ። "ፎርዝ" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ እኮ! ሳቁ። "እሱ ሥራህ ነው፣ እኔ ስምህን ነው ያልኩህ።" ነገርኳቸው። ሦስቴ ሞከሩት፣ ሦስቴም አበላሹት። ከዚያ ትንሽ ደብተር አውጥተው ፊደል በፊደል እያስነገሩ ጻፉት። ለምን እንደሚጽፉት ብጠይቃቸው "ማታ ስጸልይ እንዳይጠፋኝ" አሉኝ።

ወርጄ ማጣሪያው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ሰከንድ ሲያየኝ "ላብ ነው" አልኩት። እዚያ ሙቀት ውስጥ ያስኬዳል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እግዚአብሔር ዓለሙን እንዲሁ ወዷል የሚለውን፣ ዮሐንስ 3:16ን፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። እሺ፣ ዓለሙን አየሁት፤ በጣም ብዙ ነው። እኔንስ? በስሜ? ወይስ ከብዛቱ ጋር ተቆጥሬ ነው? ስብከት አትጻፉልኝ፣ የገጠማችሁን ንገሩኝ።

የጋራዥ_ልጅ (ኮምቦልቻ) · 3:31

ወንድሜ ለቅሶውን ተወውና ደሞዙ ስንት ነው?

አስተዳዳሪ · 3:40

ስለ ቅጥር ሌላ ክር ክፈቱ። እዚህ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) · 4:05

እኔ ነጋዴ ነኝ። ትምህርተ መለኮት አላውቅም፣ ሂሳብ ግን አውቃለሁ።

ማቴዎስ 10 ላይ ጌታ ሁለት ድንቢጥ በአምስት ሳንቲም ይሸጣል ይላል። ሉቃስ 12 ላይ ደግሞ አምስት ድንቢጥ በአሥር ሳንቲም። እስኪ አስሉት። ሁለቱ በአምስት ከሆነ በአሥር ሳንቲም የሚመጣው አራት ነው። አምስተኛዋ ከየት መጣች?

ምራቂ ናታ!

ሰኞ ገበያ የሚመላለስ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የገዛች እናት ዝም ብላ አትሄድም፣ "በይ እንጂ ምራቂ ጨምሪልኝ" ብላ ትቆማለች። አንዲት አንስቼ ጣል አደርግላታለሁ። የቷን? እውነቱን ልናገርና ጥሩዋንማ አልሰጥም። ቅርፊቷ የተላጠውን፣ ጎኗ የተመታውን፣ ለብቻዋ ባስቀምጣት እስከ ማታ ማንም የማያነሳትን ነው የምሰጠው። ምራቂ ዋጋ የላትም፣ ሚዛን ላይ እንኳ አትወጣም። ጌታ ግን እዚያው ሉቃስ ላይ ምን አለ? ከእነሱ አንዲቷ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት አትረሳም። "አንዲቷ" ያላት ማንን ይመስልሃል? እኔ ምራቂዋን ነው ብዬ ነው የማነበው። ይሄ የገባኝ ቀን ገበያ መሃል ነበርኩ፣ ሚዛኑን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ደንበኛው "ሴትዮ ታመሽ ነው?" አለኝ።

አንተ አራተኛ ነህ። እሷ አምስተኛ ናት። በተራም ትቀድማታለህ፣ አብሽር።

ሚሌ_መገንጠያ (ኮምቦልቻ) · 4:22

ሽንኩርቷ ገደለችኝ።

እኔ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ዕድሜዬን እሱ ላይ ጨረስኩ። እኛ ጋ ደግሞ በታርጋ ነው የምንጠራው። ስሜን የሚያውቀው ረዳቴ ብቻ ነው፣ እሱም ሲናደድ ይረሳዋል። አንድ ሌሊት ሚሌ በረሃ ጎማ ፈነዳብን፣ የጎማ መፍቻውን ደግሞ ይሄው ጀግና ኮምቦልቻ ረስቶታል። እሱ ጋቢና ውስጥ ተኛ፣ እኔ መሬት ላይ ጋደም ብዬ አደርኩ። ሰማዩ ሙሉ ኮከብ ነው። ዳዊት ላይ የከዋክብትን ብዛት ይቆጥራል፣ ሁሉንም በየስማቸው ይጠራል የሚል አለ፣ 146ኛው መዝሙር፣ በሌላው አቆጣጠር 147። አያቴ በቃሏ ትለው ነበር። ከሱ ፊት ያለውን ቁጥር ግን አላስተዋልኩትም ነበር። ልባቸው የተሰበረውን ይፈውሳል ነው የሚለው። መጀመሪያ ልቡ የተሰበረው፣ ከዚያ ኮከቡ። ሰውን አስቀድሞ ነው የጻፈው።

በነጋታው አንድ ትራክ ቆሞ መፍቻ አዋሰን። የሱንም ስም አልጠየቅሁትም። ታርጋውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ ይገርማል።

ከቤይሩት_የተመለሰች (ኮምቦልቻ) · 4:58

ወንድሜ፣ ላንተስ ማዕረግ ሰጡህ። የኔን ስም ቀየሩት።

የመጀመሪያ ቀን ማዳም ስሜን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ከበዳት። "ሊንዳ ነሽ" አለችኝ። በቃ። ከእኔ በፊት የነበረችውም ሊንዳ ነበረች፣ የስሪላንካ ልጅ። የምለብሰው ሽርጥ የሷ ነው፣ ኪሱ ውስጥ የፀጉር መያዣዋን አገኘሁት። ሰባት ዓመት ሊንዳ ሆንኩ። ማታ ሳህን ሳጥብ ውሃውን ከፍ አድርጌ ከፍቼ በድሮ ስሜ ራሴን እጠራ ነበር። እንዳይጠፋኝ።

ያኔ የደረሰልኝ ኦሪት ዘፍጥረት 16 ነው። አጋር ግብፃዊት ናት፣ ሰው አገር የምታገለግል፣ እንደኛው። አብራምና ሦራ ስለሷ ሲነጋገሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? "ባሪያዬ"፣ "ባሪያሽ"። ስሟን አንድ ጊዜ አይጠሩትም። ሂዱና ፈልጉት፣ የለም። መጀመሪያ በስሟ የሚጠራት ሸሽታ በረሃ ውስጥ ምንጭ ዳር የተገኘች ጊዜ የእግዚአብሔር መልአክ ነው። እሷ ደግሞ መልሳ ለእግዚአብሔር ስም አወጣችለት፣ ኤልሮኢ፣ የሚያየኝ አምላክ። "እኛን የሚያየን" አላለችም። "የሚያየኝ" ነው ያለችው። ከቤቱ ጌቶች ቀድማ፣ ባሪያዋ!

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። መልአኩ "ወደ እመቤትሽ ተመለሺ" አላት። ለምን? ቄስም ጠይቄአለሁ፣ ፓስተርም ጠይቄአለሁ። የሚያጠግበኝ መልስ አላገኘሁም። እኔ ብሆን አልመለስም ነበር።

የአይጠየፍ_ጎረቤት (ደሴ) · ረቡዕ ጠዋት 1:10

እንደምን አደራችሁ። ሁሉንም አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሰሞኑን "የኔ ጌታ፣ ለኔ፣ ስለ እኔ" በዝቷል፣ እዚህ ክር ላይም በየቦታውም። ጌታ ጸሎት ሲያስተምረን "አባታችን ሆይ" ነው ያለው፣ "አባቴ ሆይ" አላለም። ጸሎተ ሃይማኖታችንም "ነአምን" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እናምናለን። ብቻህን ቆመህ የምትወደድበት ነገር የለም።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አዳራሽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አይጠየፍ የተባለው ድሃው ከመኳንንቱ ጋር ሳይጠየፉት አብሮ ስለሚበላበት ነው። እዚያ ቤት የገባ ሰው ለብቻው ሳህን አልቀረበለትም፣ ገበታው አንድ ነው። የእግዚአብሔር ፍቅር ለእኔ እንደዚያ ነው። ከሌላው ጋር ያስቀምጥሃል እንጂ ለብቻህ ጥግ ይዞህ አይሄድም። ባሕረኛው ወንድማችን ያጣው የራሱን ስም ብቻ አይመስለኝም፣ ገበታውንም ነው።

ወለተ_ማን_ልበላችሁ (ደሴ) · 1:45

ዲያቆን (አጻጻፍህ ያስታውቃል 😄) ገበታው አንድ ነው፣ እውነት ነው። ግን የጠሩት በስሙ አይደለም እንዴ? ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቄሱ በጅምላ አያጠምቅም። ለእያንዳንዱ ስም ይሰጣል። እናቴን ዓለም ሁሉ በቅጽል ስሟ ነበር የሚጠራት፣ እኔም ጭምር። የክርስትና ስሟን በደንብ የሰማሁት ፍትሐት ላይ ነው። አባ ጮክ ብለው ሲጠሩት ደንግጬ ዘወር አልኩ፣ ሌላ ሰው የሚቀበር መስሎኝ። ያ ስም ስልሳ ዓመት ሙሉ ለዚያች ቀን ተቀምጦ ነበር ማለት ነው?

ሌላም ልጨምር። ሰፈራችን መድኃኔዓለም ነው። ስሙን አስቡት፣ የዓለም መድኃኒት። እናቴ ግን አንድ ቀን እንኳ "መድኃኔዓለም" ብላው አታውቅም። ሁልጊዜ "መድኃኔዓለሜ" ነው። አንዲት ፊደል ለወጠችና የዓለሙን የራሷ አደረገችው። ማን ከለከላት?

የአይጠየፍ_ጎረቤት · 1:52

የለም፣ አልከለክልም። አያቴም እንደዚያው ናት። (ዲያቆን መሆኔን በምን አወቅሽ?)

ሸጋው_ወሎየ (ደሴ) · 2:30

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በሰው ክር ጣልቃ ገባሁ ይቅርታ፣ ግን ወሎ ውስጥ ማን ጣልቃ ያልገባ አለ። እናንተ ቤት ፋሲካን፣ እኛ ቤት ዒድን ስንበላ ነው ያደግነው። በእምነታችን ብዙ የምንለያይበት አለ፣ እሱን አልሸፍንም። ቁርአን ውስጥ ሱረቱ ቃፍ ላይ ግን አላህ ስለ ሰው ሲናገር ከደም ጋኑ ይልቅ ወደሱ ቅርብ ነን ይላል። ባሕረኛው፣ ያ ሥር አንተ ጋ ሞተር ክፍልም ወርዷል። ይኸው ነው፣ ሰላም ዋሉ።

ጅራታም_ኮከብ (ደሴ) · 5:12

ስለ ፊደል ካነሳችሁ የከተማችንን ስም ረስታችኋል። በፈረንጅ በ1882 አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ቢላቸው "ደሴ" አሉት ይባላል። ደስታዬ እንደ ማለት። ያው የ"መድኃኔዓለሜ" ፊደል እኮ ነች።

ኢሳይያስ 62 ላይ "የተተወች" ትባል የነበረች ከተማ እግዚአብሔር ስሟን ይቀይርላታል። አዲሱ ስሟ ደስታዬ በእርሷ ነው የሚል ነው። ይሄን ያነበብኩት በ2014 ከጦርነቱ ስደት ስንመለስ ነው፣ ፒያሳ ሱቁ ሁሉ በሩ ተገንጥሎ። ቆሜ "ደሴ" ብዬ ጮክ ብዬ አልኩት። ምን እንዳሰብኩ አልነግራችሁም።

ልብ_አይሞላም (ደሴ) · 6:40

2014ን ካነሳችሁ እኔም ልናገር፣ ደስታችሁን ላበላሽ።

እኔ ያን ጥቅምት የሐረጎን ቁልቁለት በእግሬ ነው የወረድኩት፣ አክስቴን አዝዬ። አጥራችን የሚዋሰን አንዲት እናት ነበሩ። ቅዳሴ አስታጉለው አያውቁም፣ ልጆቻችን ሁሉ እሳቸው እጅ ነው ያደጉት። መሄድ አልቻሉም፣ ቀሩ። ስንመለስ የሉም። እና እሳቸው በስማቸው አልተጠሩም? አያቴ ደግሞ በ66ቱ ርሃብ ከስድስት ልጅ ሁለት ነው የቀረላት። አራቱ ምራቂ ነበሩ?

ሽንኩርት ሻጯን አላስቀይምም፣ ቆንጆ ነው ያልሽው። ግን አስቡት። እግዚአብሔር ዓለምን በጅምላ ነው የሚወደው ብትሉኝ ይገባኝ ነበር። ጅምላ ነጋዴ አንድ ሁለት ቢጎድልበት አያውቅም። በችርቻሮ ነው፣ እያንዳንዷን ቆጥሮ ነው ካላችሁ ግን ጥያቄው ይብስበታል እንጂ አይቀልም። ስሟን እያወቀ?

ሰኞ_ገበያ · 7:02

አልተቀየምኩም። መልስ የለኝም።

ባሕረኛው_ከሆጤ · ማታ 2:20

ቀኑን ሙሉ ይሄን ጥያቄ ይዤ ዋልኩ። መልስ አልመለስኩልህም፣ እንዲመስልህም አልፈልግም። የሆነውን ልንገርህ።

ያን ጊዜ ፓስፊክ ላይ ነበርኩ። ከየብስ አሥር ቀን ርቀን። ደሴ ስልክ ተቋረጠ። አንድ ወር ከምናምን እናቴ ትኑር አትኑር አላውቅም። ዜና አነባለሁ፣ ዜናው ስለ ከተማዋ ነው የሚያወራው፣ ስለሷ የሚያወራ የለም። እንቅልፍ የለም። ሰከንድ ለካ ያየኝ ነበር፣ ሁለት ሌሊት ፈረቃዬን ሠራልኝ፣ ምንም አላለኝም።

ያኔ "እግዚአብሔር ዓለሙን ይወዳል" የሚለው ምንም አልሠራልኝም። እውነቴን ነው። ዓለሙ ምን ያደርግልኛል? የፈለግሁት አንዲት ሴትዮን ነው። ሆጤ፣ ሰማያዊ በር፣ ግቢው ውስጥ ጌሾ ያለበት፣ ግራ ጉልበቷን የሚያማት፣ ብርድ ሲሆን ነጠላዋን በሁለት አጣጥፋ የምትለብስ። ጸሎቴ አድራሻ ብቻ ሆነ። ደጋግሜ አድራሻ እሰጠዋለሁ፣ እንዳይሳሳት። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ለእግዚአብሔር "ከቧንቧው ወደ ግራ ታጠፍ" ማለት።

ስልክ የተመለሰ ቀን ያነሳችው በሁለተኛው ጥሪ ነው። "ማነው?" አለች። ድምፅ አጣሁ። መስመሩ ውስጥ ዝም ብዬ ቆየሁ። ከዚያ ስሜን ጠራችው። ሳልናገር።

የእኔ ተሰማ ብዬ ግን አልናገርም። የጎረቤትህ ልጆችም አድራሻ ሰጥተው ይሆናል። ያንኑ አጥር፣ ያንኑ በር። ለምን የእኔ እናት አለች የእነሱ የለችም ብትለኝ አፌን ይይዘኛል። የማውቀው ያን ጊዜ በጅምላ የሚወድ አምላክ ቢሰጡኝ የማልቀበል መሆኔን ነው። አንተም የምትጮኸው በችርቻሮ ስለምትወዳቸው ነው መሰለኝ። በጅምላማ ብትወድ አሁን ረስተሃቸው ነበር።

ከፈቀድክ የእኚያን እናት ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ። እዚህ አትጻፈው።

ልብ_አይሞላም · 2:51

ላክሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የክርስትና ስማቸውንም እህቴን ጠይቄ ጨምሬበታለሁ።

ከቤይሩት_የተመለሰች · 3:05

🤍

የጋራዥ_ልጅ · 3:09

ትናንት የቀለድኩት ይቅር በሉኝ። ደሞዙን ግን በውስጥ መስመር።

ባሕረኛው_ከሆጤ · ሐሙስ ማታ 1:30

የመጨረሻዬ ነው። አዲስ ኮንትራት መጣ፣ ያው መርከብ፣ ያው ሰዎች። ነገ ጠዋት እወጣለሁ።

ዛሬ ዳቦ ቆሎ እየቋጠረችልኝ እናቴ "ስንት ናችሁ እዚያ መርከብ ላይ?" አለችኝ። ሃያ ሁለት አልኳት። ከመሶቡ ሥር ደብተር አወጣች፣ የታናሽ እህቴ የድሮ የሳይንስ ደብተር ነው፣ ቀሪው ባዶ። "ስማቸውን ጻፍልኝ፣ አባ ጋ እወስደዋለሁ። የክርስትና ስማቸውን።"

እማ፣ ህንዶቹ የክርስትና ስም የላቸውም አልኳት። "እንግዲያው ያለውን ጻፋ!" ተቆጣች።

እስክሪብቶ ያዝኩ። አንድ፣ የራሴን። ሁለት፣ ሰከንድ። ሰከንድ ማነው? ሁለት ሌሊት ፈረቃዬን የሠራልኝ ሰውዬ። የልጁን ፎቶ አውቃለሁ፣ ሻይ ስንት ስኳር እንደሚጠጣ አውቃለሁ። ስሙን ግን እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ባስብ ባስብ ሊመጣልኝ አልቻለም። ምግብ አብሳዩ? "ኩክ" ነዋ። የመርከበኞቹ አለቃ? "ቦሰን"። ከሃያ ሁለቱ የጻፍኩት ስምንት ነው። ስምንት! እዚህ መጥቼ ስሜን የጠራኝ የለም ብዬ ሰው ሰብስቤ ሳለቅስ፣ ያ ሁሉ ሰው እኔ ጋ ቁጥር ነበር።

አፈርኩ። የመርከቡ ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፣ እናቴ ልትጸልይላችሁ ነው፣ ሙሉ ስማችሁን ላኩ። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። ቦሰኑ ወዲያው ላከ፣ ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ቀጥሎም የሚስቱን፣ ቀጥሎም የሦስት ልጆቹን። ዩክሬናዊው ሰርድ የላከው የወንድሙን ስም ብቻ ነው፣ የራሱን ትቶ። ቺፍ፣ ያ "ታች!" የሚለኝ ሰውዬ፣ አንድ ሰዓት ቆይቶ ላከ፤ "በትክክል ጻፈው፣ ሁለት ኤል ነው" አለኝ። አማርኛ ላይ ሁለት ኤል እንዴት እንደማደርግ እንጃ።

ደብተሩ ገጽ ሞላ። ከሁሉም በታች ትናንት የተላከልኝን ስም ከነክርስትና ስማቸው ጻፍኩት። እናቴ አነበበችውና "እኚህም መርከበኛ ናቸው?" አለች። የሰፈር ሰው ናቸው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አልጠየቀችኝም፣ ደብተሩን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ነገ 11 ሰዓት ከደሴ እነሳለሁ። ጭጋጉ እንደሆነ አሁንም አለ።

ሚሌ_መገንጠያ · 1:44

ሐረጎ ላይ ሹፌሩን በፍሬን ብቻ አትውረድ፣ በማርሽ ያዘው በለው። ጠዋት ያዳልጣል። ስሙንም ጠይቀው።